ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር

1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ይሆናል ተብሎ የተጠየቀ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ጊዜ 2/5 ብሎ ይመልሳል። የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ማለት ነው። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደርግበትና «መጀመሪያ የጋራ ታህት ፈልግ» ብሎ ያልፋል። ልጁም በማግስቱ የጋራ ታህት ይፈልጋል፤ ለምን እንደሚፈልግ ግን አያውቅም። ጊዜ አልፎ ሕጉ ሲረሳው ተመልሶ 2/5 ይጽፋል።

ይህን ስሕተት ስንፍና ማለት ልጁን መበደል ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥር ማለት ለእርሱ የሚቆጠር ነገር ነበር፤ አምስት ብርቱካን፣ ሃያ ደብተር። አሁን መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረበት፣ ከላይም ከታችም ቁጥር ያለው ነገር ቀረበለት። እርሱ ያየው ሁለት ቁጥር ነው፤ ሁለት ቁጥር ያየ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይደምራል። 1/2 አንድ ቁጥር ብቻ መሆኑን፣ እንደ 5 እና እንደ 20 የራሱ መጠንና የራሱ ቦታ ያለው መሆኑን ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም።

መልሱ የማያስኬድ መሆኑን ለማየት ሕግ አያስፈልግም። ግማሽ ዳቦ የያዘ ልጅ ሲሶ ዳቦ ተጨመረለት እንበል። 2/5 ከአምስት እጅ ሁለቱ ነው፤ የአምስት ግማሽ ግን ሁለት ተኩል ነው። ስለዚህ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ተጨምሮለት አነሰበት ማለት ነው! ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ልጅ 2/5 ብሎ ከመጻፉ በፊት እጁ ይይዘዋል። ኤክሱ ይህን አያደርግለትም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ብሔራዊ የትምህርት ምዘና ላይ ለ13 ዓመት ልጆች እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር፦ 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ውጤቱ ከ1፣ ከ2፣ ከ19 እና ከ21 ወደ የትኛው ይቀርባል? እንዲያሰሉ አልተጠየቁም፤ እንዲገምቱ ብቻ ነው። 12/13 አንድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ 7/8ም እንደዚያው። አንድ የሚጠጋና አንድ የሚጠጋ ሲደመሩ ሁለት ይጠጋሉ። በትክክል የመለሱት 24 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት 19ን ወይም 21ን መረጡ፤ 12 እና 7ን አለዚያም 13 እና 8ን ደምረው።

ነገሩ ከአንድ ምዕራፍ የቤት ሥራ አልፎ ይሄዳል። ሮበርት ሲግለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካና የብሪታንያ ልጆችን መረጃ ተከታትለው ነበር። ልጆቹ በ10 ዓመታቸው አካባቢ ስለ ክፍልፋይና ስለ ማካፈል የነበራቸው እውቀት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲደርሱ በአልጀብራና በአጠቃላይ ሒሳብ የሚኖራቸውን ውጤት አመላካች ሆኖ ተገኘ። የቤተሰብ ገቢ፣ የማሰብ ችሎታ ፈተና፣ የመደመርና የመቀነስ ችሎታ ሁሉ ከግምት ከገቡ በኋላም እንኳ አመላካችነቱ አልጠፋም። ስለዚህ እዚህ ምዕራፍ ላይ ረጋ ብለን መቆየታችን አለምክንያት አይደለም።

ከመስመሩ በላይ ያለው ቁጥር ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ታህት ይባላል። ሥራቸው ለየቅል ነው። ላዕሉ ይቆጥራል። ታህቱ ግን አይቆጥርም፤ የሚቆጠረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። 3/4ን «ሦስት አራተኛ» ብለን ስናነብ ሦስት ኪሎ፣ ሦስት ሜትር እንደ ማለት ነው፤ «አራተኛ» መለኪያው፣ «ሦስት» ብዛቱ። አንድ ሙሉ ነገር አራት እኩል ቦታ ሲከፈል አንዱ ቁራሽ አራተኛ ነው፤ እኛ ያለን እንዲህ ያለ ሦስት ነው። እኩል የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። አራት ቦታ የተቆረሰ ዳቦ ሁሉ ሩብ ሩብ አይደለም፤ ቁራሾቹ እኩል ካልሆኑ አራት ቁራሽ እንጂ አራት ሩብ የለም።

ታህቱ የቁራሹን መጠን የሚናገር ከሆነ፣ ታህቱ ሲያድግ ቁራሹ ያንሳል። ልጆች 1/8 ከ1/4 ይበልጣል የሚሉት 8 ከ4 ስለሚበልጥ ነው። «አይደለም፣ ያንሳል» ብሎ መንገር ለጊዜው ይሠራ ይሆናል። እኔ የምመርጠው ግን አንዱን ዳቦ ለአራት፣ ሌላውን እኩያውን ለስምንት ቆርሶ «የትኛውን ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የራበው ልጅ በዚህ ጥያቄ ላይ አይሳሳትም።

ዳቦን ካነሣን ዘንድ፣ የክፍልፋይ ሒሳብ በጽሑፍ ከተገኘባቸው እጅግ ጥንታዊ ሰነዶች አንዱ የሚጀምረው በዳቦ ክፍፍል ነው ማለት ይቻላል። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ሄንሪ ራይንድ እ.ኤ.አ. በ1858 ግብፅ ሉክሶር ላይ አንድ ፓፒረስ ገዛ። ዛሬ ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። የጻፈው አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 አካባቢ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎቹ አንዱ 6 ዳቦ ለ10 ሰዎች እንዲካፈል ያዛል።

እኛ ብንሆን 6/10፣ ሲቃለል 3/5 ብለን እንጽፍና እንጨርሳለን። ግን 3/5 ዳቦ ለአሥር ሰው የሚያድል ሰው ቢላዋውን የት ላይ ያሳርፈዋል? የግብፆቹ መልስ 1/2 እና 1/10 ነው። አምስቱ ዳቦ መሐል ለመሐል ይቆረስና አሥር ግማሽ ይወጣዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ግማሽ ይደርሰዋል። ስድስተኛው ዳቦ ለአሥር ይቆረሳል፤ አንድ አንድ አሥረኛ ይጨመርላቸዋል። ሁሉም ሰው የያዘው ቁራሽ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አድሎ ተፈጸመ ብሎ የሚያጉረመርም አይኖርም። ግብፆች ከ2/3 በቀር ላዕሉ 1 ያልሆነ ክፍልፋይ አይጽፉም ነበር፤ የቀረውን ሁሉ እንዲህ ቁርጥራጭ አድርገው ይደምሩታል። አንዳንዴ መንገዱ ይጠማዘዝባቸዋል። 7 ዳቦ ለ10 ሰው ሲሆን 2/3 እና 1/30 ነው ያሉት፤ 1/2 እና 1/5 ለቢላዋም ለዓይንም ይቀል ነበር። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም ያው 7/10 ነው።

ይህን ጥያቄ ወደ ክፍል ውስጥ ማምጣት ቀላል ነው። ሦስት ዳቦ ለአራት ልጆች እንዲያካፍሉ ተማሪዎችን እንዘዛቸው፤ እንዴት እንደሚያካፍሉ ግን አንንገራቸው። አንደኛዋ ሁለቱን ዳቦ ለሁለት ለሁለት ትከፍልና ለአራቱም ግማሽ ግማሽ ትሰጣለች፤ ሦስተኛውን ለአራት ትቆርሳለች። የእርሷ መልስ ግማሽ ከሩብ ነው። ሌላው ሦስቱንም ለአራት ለአራት ይቆርሳል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሩብ ይደርሰዋል። ሁለቱ ልጆች «የማን ነው ትክክሉ?» እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩን መምህሩ ቶሎ ባይዘጋው መልካም ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ ራሱ ሁለት ሩብ መሆኑን ያገኙት እለት አቻ ክፍልፋይን በራሳቸው አገኙ ማለት ነው። በዚያው ላይ ሦስትን ለአራት ማካፈልና ሦስት አራተኛ አንድ ነገር መሆናቸውን ያያሉ። የክፍልፋይ መስመር የማካፈል ምልክት ነው ብሎ ከመናገር ይህ ይበልጣል።

ዳቦ ግን እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ነው የሚያደርሰን። መጽሐፎቻችን ክብ ሥዕል ስለው ከፊሉን እያጠቆሩ ያስተምራሉ፤ ልጁም ክፍልፋይ ማለት የአንድ ክብ ጠቆር ያለ ክፍል ነው ብሎ ይይዛል። 5/4 ሲመጣ ይደነግጣል። አራት ቦታ ከተቆረሰ ዳቦ አምስት ቁራሽ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከክቡ ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ማስመሪያው ላይ ነው። ረጅም መስመር ይሰመር፤ 0፣ 1፣ 2 ይጻፍበት። ከ0 እስከ 1 ያለው ርቀት ለአራት ይከፈል፤ ከ1 እስከ 2 ያለውም እንዲሁ። አሁን ከ0 ተነሥተን አንድ አራተኛ፣ ሁለት አራተኛ፣ ሦስት አራተኛ እያልን እንቁጠር። አራት አራተኛ ላይ ስንደርስ 1 ላይ ቆመናል። የሚያስቆመን ነገር የለም፤ አምስት አራተኛ ከ1 አንድ እርምጃ አልፎ ያለው ነጥብ ነው። ከ1 አንድ ሩብ አልፏልና 1 1/4 ብለን በድብልቅ ቁጥርም እንጽፈዋለን። መስመሩ ላይ ክፍልፋዩ ከሙሉ ቁጥሮች ጋር ጎን ለጎን ተሰልፎ ስለሚታይ ልጁ ሁለት ቁጥር ማየቱን ይተዋል። መምህራን አንድ ነገር ብቻ ብንጨምር ምን እንጨምር ቢሉኝ ይህን መስመር ጨምሩ እላለሁ።

አሁን ወደ መደመር እንመለስ። ሁለት እኩያ የደብተር ወረቀቶችን እንውሰድ። አንደኛውን በቁመቱ ለሁለት እንጠፈውና ግማሹን በእርሳስ እናጥቁር። ሁለተኛውን በአግድሙ ለሦስት እንጠፈውና አንዱን ሲሶ እናጥቁር። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ረጅም ጥቁር ቁራሽና አንድ አጭር ጥቁር ቁራሽ ይታያሉ። ሁለት ቁራሽ አለን ማለት እንችላለን፤ ሁለት ምን እንደሆነ ግን መናገር አንችልም፤ አንዱ ሁለተኛ፣ ሌላው ሦስተኛ ነው። መለኪያቸው ሳይስማማ መቁጠር አይቻልም።

ስለዚህ እናስማማቸው። አንደኛውን ወረቀት በአግድሙ ደግሞ ለሦስት እንጠፈው። ሁለተኛውን በቁመቱ ለሁለት። ሲከፈቱ ሁለቱም ላይ ስድስት ስድስት እኩል ሣጥኖች ወጥተዋል። በመጀመሪያው ላይ ሦስቱ ጠቁረዋል፣ በሁለተኛው ላይ ሁለቱ። እርሳሱን ዳግም አልነካነውም፤ ጥቁሩ ቦታ አልሰፋም አልጠበበም። 1/2 ወደ 3/6፣ 1/3 ወደ 2/6 የተለወጠው በእጥፋት ብቻ ነው። ሣጥኖቹ አሁን አንድ ዓይነት ስለሆኑ መቁጠር ይቻላል፦ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ፣ አምስት ስድስተኛ። 6 ላይ 6 ያልተደመረበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሦስት ኪሎና ሁለት ኪሎ አምስት ኪሎ ይሆናል እንጂ ኪሎው አይደመርም። ላዕልንም ታህትንም በአንድ ቁጥር ማባዛት ክፍልፋዩን ለምን እንደማይለውጠው እዚሁ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ሣጥኖቹ በሦስት እጥፍ ሲበዙ እያንዳንዳቸው በሦስት እጥፍ ያንሳሉ።

ይህንኑ ድምር ያለ ወረቀት በግድግዳ ሰዓት ላይ ማግኘት ይቻላል። ግማሽ ሰዓት 30 ደቂቃ፣ ሲሶ ሰዓት 20 ደቂቃ፤ ድምሩ 50 ደቂቃ። ከ60 ውስጥ 50፣ ያው 5/6። ደቂቃው የጋራ ታህት ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። ባቢሎናውያን በ60 መቁጠራቸው፣ እኛም ሰዓትን ከእነርሱ በወረስነው ቁጥር መክፈላችን ዛሬም ይጠቅመናል፤ 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ቀኑን ለ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል። የዓመቱ ርዝመት 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው ሲባል ያ ሩብ 15 ኬክሮስ ነው፤ ከሙሉ ቁጥር አይወጣም። ይህ ሩብ ቀን በየዓመቱ እየተጠራቀመ፣ አራት ጊዜ 1/4 አንድ ሙሉ ቀን ሲሞላ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ልጆች ጳጉሜን ለምን አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት እንደምትሆን ሲጠይቁ የክፍልፋይ ትምህርት በእጃቸው ላይ ነው።

ማባዛት ሲመጣ ሌላ እንግዳ ነገር ይገጥማቸዋል። እስከ ዛሬ ማባዛት ያበዛ ነበር፤ አሁን ይቀንሳል። የ9/10 ሲሶ ስንት ነው? ዘጠኝ አሥረኛ አለን፤ ለሦስት ሲካፈል ሦስት አሥረኛ። ቁራሹን ማየት የለመደ ልጅ ቀመሩን ሳያስታውስ ይመልሰዋል።

ከበድ ያለው ጥያቄ «ሲሶ» የሚለው ሳይሆን «የምን ሲሶ» የሚለው ነው፤ በዚህ ጥያቄ ላይ የሰው ኑሮ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ፣ ጭሰኛ ገበሬ ከሚያገኘው ሰብል እንደየአካባቢው ግማሹን፣ ሲሶውን ወይም እርቦውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። አስራት ይጣል በነበረበት ጊዜ ደግሞ ለመንግሥት የሚገባ የሰብሉ አንድ አሥረኛ አለ። እንግዲህ አንድ ሲሶ የሚከፍል ጭሰኛ 10 ኩንታል ጤፍ አፈሰ እንበል። አስራቱ ቀድሞ ከመላው ክምር ከወጣ 9 ኩንታል ይቀራል፤ የባለመሬቱ ሲሶ 3፣ የገበሬው 6 ኩንታል ነው። ባለመሬቱ ግን ሲሶውን ከመላው 10 ኩንታል ላይ አንሥቶ አስራቱን ለጭሰኛው ቢተውለትስ? ብዙ ቦታ ሸክሙ በጭሰኛው ላይ ነበር የሚወድቀው። ያን ጊዜ ባለመሬቱ 3 1/3 ይወስዳል፤ ለገበሬው ከቀረው 6 2/3 ላይ አንድ ኩንታል አስራት ሲወጣ 5 2/3 ይሆናል። ሲሶው ያው ሲሶ፣ አስራቱም ያው አስራት ነው። በሁለቱ ስሌት መካከል ያለው ልዩነት ግን 1/3 ኩንታል፣ ማለትም ከ33 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ጤፍ ነው። ያ ጤፍ ለአንድ ቤተሰብ የስንት ቀን እንጀራ እንደሆነ ገበሬው ያውቀዋል። ክፍልፋይ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ክፍልፋይ ነው፤ የምኑ እንደሆነ ያልተነገረ ሲሶ ማንም እንደፈለገው የሚያደርገው ሲሶ ነው።

የቀረን ማካፈል ነው፤ እዚህ መምህራንም ይደናቀፋሉ። ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን አነጻጽራለች። ጥያቄው 1 3/4 ለ1/2 ሲካፈል ስንት ይሆናል የሚል ነበር። ስሌቱን ከሞከሩት 21 አሜሪካውያን መምህራን ትክክል የሠሩት 9 ናቸው፤ ቻይናውያኑ 72ቱም በትክክል ሠሩ። ለዚህ ስሌት የሚስማማ ታሪክ ፍጠሩ ሲባሉ ግን ከአሜሪካውያኑ ብዙዎቹ ለ1/2 ማካፈልን ለ2 ማካፈል ብለው ወሰዱት፤ ያለውን ነገር ለሁለት ሰው አካፍለው ተቀመጡ።

ለግማሽ ማካፈል «ስንት ግማሽ ይወጣዋል?» ማለት ነው። አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ የተቆላ ቡና አለን፤ ግማሽ ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት እናሽገዋለን። ከአንዱ ኪሎ ሁለት ከረጢት ይወጣል፤ ከሦስቱ ሩብ ደግሞ ሁለቱ ሩብ አንድ ከረጢት ይሞላሉ። ሦስት ከረጢት ሞልቶ ሩብ ኪሎ ተረፈ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መልሱ 3 1/4 ነው ይላል። የተረፈው ሩብ ኪሎ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የምንቆጥረው ከረጢት ነው፣ ሩብ ኪሎ ደግሞ የከረጢቱ ግማሽ ነው። መልሱ ሦስት ከረጢት ተኩል፣ 3 1/2። «የምኑ?» የሚለው ጥያቄ እዚህም አለቀቀንም።

«ገልብጠህ አባዛ» የሚለው ሕግ ከዚህ ይወጣል። በእያንዳንዱ ኪሎ ውስጥ ሁለት ግማሽ ስላለ ለግማሽ ማካፈል በ2 እንደ ማባዛት ነው፤ 1 3/4 ጊዜ 2፣ 3 1/2። ላዕሉ 1 ካልሆነስ? 3 ኪሎ ቡናን ሦስት ሩብ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ብናሽግ፣ መጀመሪያ ስንት ሩብ እንዳለን እንቁጠር፤ ሦስት ጊዜ አራት፣ 12 ሩብ። እያንዳንዱ ከረጢት ሦስት ሩብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 12ን ለሦስት እናካፍላለን። በ4 አባዝተን ለ3 አካፈልን፤ 3/4ን ገልብጠን በ4/3 አባዛን ማለት ነው። አራት ከረጢት ሞላ፤ የተረፈ ቡና የለም።